የማዕረግ ቀኔ 14 ወር ዘግይቶ ተመዝግቧል፤ ማረም ይቻላል?

የእንሳሮ ልጅ (ጠያቂ)፦

እንኳን ለ2018 አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እንግሊዝኛው ፎረም ላይ ጠይቄ ነበር፤ መልሱ ግማሹ ምህጻረ ቃል ሆነብኝና ጭራሽ ግራ ገባኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ከሀገር ቤት የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ ነበር። ዲግሪ ያለው ሰው ከታች ሳይጀምር በቀጥታ ስፔሻሊስት፣ ማለትም በደሞዝ ደረጃ ኢ-4 ሆኖ መግባት ይችላል ሲሉኝ ትራንስክሪፕቴን አስገምግሜ አቀረብኩ። ውሉ ላይም ኢ-4 ተብሎ ተጻፈ። ማርች 1፣ 2023 ፈርሜ ቤዚክ (የመጀመሪያው የወታደር ሥልጠና) ገባሁ።

ቤዚክ እያለን ስልክ በእጃችን ስላልነበረ ደሞዜን በዝርዝር ያየሁት ሜይ ላይ ኤአይቲ (የሙያ ሥልጠና) ስገባ ነው። ኤልኢኤሴ (የወር ደሞዝ መግለጫዬ) ላይ ኢ-3 ይላል። ለድሪል ሳርጀንቴ ብነግረው «ዩኒትህ ስትደርስ ያስተካክሉልሃል» አለኝ። ዩኒቴ ደረስኩ። ኤስ ዋን (የዩኒቱ የሰው ኃይል ቢሮ) «ወረቀትህን በኢሜይል ላክ» አሉኝ፤ ላክሁ። ዛሬ ነገ ሲባል ወራት አለፉ። ጉዳዩን የያዘችው ልጅ ወደ ሌላ ቤዝ ተዛወረች፤ ለተተካው ሰው እንደገና ከሀ ጀምሬ አስረዳሁ። በመጨረሻ ሜይ 1፣ 2024 ስፔሻሊስት ሆንኩ። በዚያ ቀን ለእናቴ ደውዬ «ተስተካከለልኝ» ብያታለሁ።

አልተስተካከለም ነበር። ኦክቶበር 2024 ለሳርጀንት ቦርድ (ለዕድገት የሚፈትነው ጉባኤ) ስዘጋጅ ስኳድ ሊደሬ መዝገቤን ከፍቶ «ታይም ኢን ግሬድህ (በማዕረጉ ላይ የቆየህበት ጊዜ) ገና ነው» አለኝ። የማዕረግ ቀኔ ሜይ 1፣ 2024 ተብሎ ነው የተጻፈው። ለካ ስህተቱን አላረሙትም፤ እንደ አዲስ የማዕረግ ዕድገት ነው የሰጡኝ። 14 ወር ከነደሞዙ ጠፋ። በዚያው ሰሞን እንደ እኔ በስፔሻሊስትነት የገባ ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ ቦርድ ገብቶ ዛሬ ሳርጀንት ነው። እኔ ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ ቦርዱን አልፌ ነጥቤ ለዕድገቱ እስኪበቃ እየጠበቅሁ ነው።

የማዕረግ ቀኑን ወደ ማርች 1፣ 2023 መመለስ ይቻላል? የቀረብኝ ደሞዝስ ይከፈላል? ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻለሁ። ዜግነቴን ያገኘሁት በዚሁ አገልግሎት ነው። አለቆቼ ነገር ፈላጊ ነው እንዳይሉኝ ይሉኝታ ይዞኛል። አንድ ጠበቃ ደግሞ ማመልከቻውን ለመጻፍ ብቻ 3,000 ዶላር ጠየቀኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?


ፎርቲ ቱ አልፋ፦

ወንድሜ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ስሜ እንደሚለው ሥራዬ የሰው ኃይል መዝገብ ነው፤ 11 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ለጠበቃው ምንም እንዳትከፍል። ቢያንስ አሁን አትክፈል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በዕድገት ወረቀት ላይ ሁለት ቀን አለ። አንዱ ዴት ኦፍ ራንክ የሚባለው ነው፤ ማን ከማን እንደሚቀድም እና በማዕረጉ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየህ የሚቆጠረው ከእሱ ነው። ሌላው ኢፌክቲቭ ዴት ነው፤ ደሞዙ የሚታሰበው ከእሱ ነው። ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሉልኝ ብለው ይጠይቃሉ፤ ይስተካከልላቸዋል፤ ከዚያ ገንዘቡ የት አለ ብለው ይመጣሉ። አንተ በአንድ ወረቀት ሁለቱንም ጠይቅ፤ ሁለቱም ማርች 1፣ 2023 እንዲባሉ።

ቀጥሎ ውልህን አውጣ። ዲዲ ፎርም 4 ነው የሚባለው። ተጠንቀቅ፣ ሜፕስ (የምልመላ ጣቢያው) ላይ ሁለት ጊዜ ነው የምትፈርመው። መጀመሪያ ለመጠባበቂያ ስትመዘገብ፣ ሁለተኛ ደግሞ ወደ ቤዚክ በምትሄድበት ቀን። የመጀመሪያው ላይ ያለው ደረጃ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ለአንተ የሚጠቅምህ ያ የሁለተኛው ቀን ፊርማ ነው። እዚያ ላይ ስንት ዓመት እንደምታገለግልና በየትኛው የደሞዝ ደረጃ እንደምትጀምር የሚናገር መስመር አለ። ኢ-4 የሚል ከሆነ ጉዳይህ የተጻፈን ነገር በትክክል አለመመዝገብ ነው፤ ቀላሉ ዓይነት ስህተት ነው። ኢ-3 የሚል ከሆነ ግን ያኔ የምትከራከረው ውሉ ራሱ ስህተት ነው ብለህ ነውና መንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ «ውሉ ላይ ኢ-4 ተብሏል» ያልከውን ዛሬውኑ በዓይንህ አረጋግጥ። ሪክሩተር በአፉ የነገረህ አይቆጠርም።

ውሉ አይፐርምስ (የወታደሩ የግል ሰነዶች የሚቀመጡበት ሲስተም) ውስጥ መኖር አለበት። ከሌለም ቤትህ ያለውን ኮፒ ራስህ አስገባ፤ በኋላ መርማሪው መጀመሪያ የሚከፍተው አይፐርምስን ነው።

ከዚያ ዲኤ ፎርም 4187 የሚባለውን የሰው ኃይል ጥያቄ ቅጽ ሙላ። እዚህ ላይ አጻጻፉ ወሳኝ ነው። «ዕድገት ይሰጠኝ» ብለህ አትጻፍ። መጀመሪያ የደረሰብህ ችግር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ያ ጸሐፊ ጥያቄህን እንደ ዕድገት ጥያቄ አይቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰጠህ። አንተ የምትጠይቀው የመዝገብ እርማት ነው። ሦስት መስመር ይበቃል፤ በዚህ ቀን በዚህ ውል ኢ-4 ሆኜ ገባሁ፣ ሲስተሙ ላይ ኢ-3 ተብሎ ተመዘገበ፣ ሜይ 2024 የተሰጠው ቀን ከውሉ ቀን ጋር ስለማይገጥም ይታረም። ውሉን፣ የዲግሪህን ግምገማ፣ የ14ቱን ወር ኤልኢኤስ፣ ለኤስ ዋን የላክሃቸውን ኢሜይሎች ከነቀናቸው አያይዝ። ኮማንደርህ ይፈርማል።

2023 መጀመሪያ ላይ ሠራዊቱ ከድሮው ሲስተም ወደ አዲሱ የሰው ኃይል መዝገብ ሲስተም፣ ወደ አይፒፒኤስ-ኤ ሲሸጋገር ቢሮዎች ምን ያህል ተጨናንቀው እንደነበር እኔ አውቃለሁ። አንተ የገባኸው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ሰበብ ልሰጣቸው አይደለም፤ ስህተቱን ሰው ሆን ብሎ እንዳልሠራብህ አውቀህ በተረጋጋ መንፈስ እንድትገባ ነው።


ሰላም ለሁሉ፦

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ እንዳትቆጡ። ወንድሜ ቦርድ አልፈሃል፣ ነጥብ እየጠበቅህ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሳርጀንት ትሆናለህ፤ የስፔሻሊስትነት ቀንህን ያኔ ማን ያየዋል? አሁን ወረቀት ብታነሳ ፈርስት ሳርጀንትህ ፊቱን ያዞርብሃል። እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር ተከራክሬ ትርፉ ድካም ነበር። ዝም ብለህ ወደፊት ሂድ።


ፎርቲ ቱ አልፋ፦

ሰላም፣ ድካምህን አልክድም። ግን ገንዘቡን አብረን እንቁጠረው። ከ2 ዓመት በታች ያገለገለ ኢ-3 በ2023 ዋና ደሞዙ በወር 2,259.90 ዶላር ነበር፤ ኢ-4 ደግሞ 2,503.50። ልዩነቱ 243.60 ነው። ከማርች እስከ ዲሴምበር 10 ወር፣ 2,436 ዶላር። በ2024 ኢ-3 2,377.50፣ ኢ-4 2,633.70። ልዩነቱ 256.20፤ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 4 ወር፣ 1,024.80። ጠቅላላ 3,460.80 ዶላር፣ ታክስ ሳይነሳ። የቤት ኪራይ አበል ከኢ-1 እስከ ኢ-4 አንድ ዓይነት ስለሆነ እሱ ላይ የሚጨመር የለም። ይህ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ነው። 3,400 ዶላር ዝም ይባል የሚባል ገንዘብ አይደለም።


ዘ-አሌክሳንድሪያ፦

የእኔን ታሪክ ልንገርህ፤ ምናልባት ከእኔ ስህተት ትማራለህ። የእኔ የሳርጀንትነት ነው። ከአንድ ቤዝ ወደ ሌላ ስዛወር የዕድገት ኦርደሬ መንገድ ላይ ጠፋና አዲሱ ዩኒት ከ5 ወር በኋላ ያለውን ቀን ሰጠኝ። ተናደድኩ። ማንንም ሳላናግር በቀጥታ ወደ ቦርዱ ጻፍኩ።

ቦርዱ ማለት የጦር ሠራዊቱ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ነው፤ ቢሮው እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 149 ይባላል፤ ኦንላይን ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። ታሪኩን ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። ድሮ የወታደር መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር ካለ የሚታረመው ኮንግረስ ለዚያ ለአንድ ሰው ብቻ ሕግ ሲያወጣለት ነበር። አስበው፤ ለአንድ ወታደር ቀን ሲባል ምክር ቤት ይሰበሰባል። በ1946 ይህ ቀረና ሥራው ለቦርዶቹ ተሰጠ። ጉዳይህን የሚያዩት ሲቪሎች ናቸው፤ ሦስት ሆነው ተቀምጠው ይወስናሉ። ስለዚህ ውሳኔው በአለቆችህ ኩርፊያ የሚወሰን አይደለም።

ግን የእኔ ማመልከቻ ሳይታይ ተመለሰ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነበር፤ በታች ያሉትን መንገዶች አልጨረስክም የሚል። ቦርዱ የመጨረሻው በር ነው። መጀመሪያ ኤስ ዋን፣ ከዚያ ከእነሱ በላይ ያለው የሰው ኃይል ቢሮ፣ እነሱ አንችልም ሲሉ በጽሑፍ ያሉትን ይዘህ ነው የምትሄደው። «አይቻልም» ካሉህ ደብዳቤውን ስጡኝ በል። እኔ በቃል ስለተባልኩ ማስረጃ አልነበረኝምና ወራት ባከኑብኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ አጻጻፌ ነበር። መጀመሪያ ስድስት ገጽ ጻፍኩ፤ ግማሹ ንዴት ነው። የማን ሳርጀንት ምን እንዳለኝ ሁሉ አለበት። ሁለተኛ ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ጻፍኩ፤ ቀን፣ ማስረጃ፣ ጥያቄ። ቦርዱ መዝገቡ ትክክል ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ስህተት መሆኑን የማሳየት ሸክም ያንተ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከኋላው ወረቀት ይኑረው። 11 ወር ፈጀብኝ፤ ቀኑም ተመለሰልኝ፤ ደሞዙም ተከፈለኝ። ሕጉ ራሱ ከማመልከቻዎቹ 90 በመቶውን በ10 ወር፣ ሁሉንም በ18 ወር ውስጥ እንዲጨርሱ ያዛል፤ እናም ትዕግሥት ይዘህ ግባ።

አንድ ነገር ግን ችላ እንዳትል። ለቦርዱ የሚያመለክት ሰው ስህተቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለው። አንተ ያወቅኸው ሜይ 2023 ነው ብለሃል። ሜይ 2026 ይሞላል ማለት ነው። ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል፤ ይህ ግን በእነሱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አንተ በዚያ ላይ አትተማመን። ኤስ ዋንን በየሳምንቱ ተከታተል፤ እስከ ጃንዋሪ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ቦርዱ ሂድ።


ጋሼ ከስፕሪንግፊልድ፦

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። የአሜሪካውን አሠራር አላውቅም፤ ግን የጠየቅኸው ነገር አንጀቴን በላው።

እኔ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበርኩ። አሥር አለቃ ሳለሁ የሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ተሰጠኝ። ሰልፍ ላይ በሁሉ ፊት ተነበበ። ደብዳቤው ግን ከበላይ ቢሮ ወደ ደሞዝ ክፍል ሲሄድ የሆነ ቦታ ቀረ። ሰው ሁሉ ሃምሳ አለቃ ይለኛል፤ ደሞዜ የአሥር አለቃ ነው። ባለቤቴ በየወሩ ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ ለገንዘብ ሲል ተነጫነጨ እንዳልባል ዝም እላለሁ። ጦር ሜዳ ላይ ጓዶቼ እየወደቁ እኔ ስለ ወረቀት ላወራ? እንዲህ ብዬ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ 1983 መጣ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ቢሮው ተዘጋ። ዛሬ እኔ ሃምሳ አለቃ እንደነበርኩ የሚያሳይ ብጣሽ ወረቀት የለኝም። ልጆቼ የሚያውቁት እኔ ስለነገርኳቸው ብቻ ነው።

አንተ የምትጠይቀው ሰዎቹ ራሳቸው ፈርመው የሰጡህን ነው። ይህ ነገር ፈላጊነት አይደለም። ቢሮው ክፍት ሳለ፣ የሚያውቅህ ሰው ወንበሩ ላይ ሳለ ጠይቅ። ኮፒ ደግሞ አታጣ፤ አንዱን ቤትህ፣ አንዱን ዘመድ ጋ አስቀምጥ።


የእንሳሮ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነበብኩት እያለቀስኩ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ፎርቲ ቱ አልፋ፣ እንዳልከኝ ቤት ገብቼ ካርቶኔን ሙሉ አወጣሁት። ሁለተኛው ፊርማ ያለበት ገጽ ተገኘ። ኢ-4 ይላል! ቀኑም ማርች 1፣ 2023 ነው። ግን አይፐርምስ ውስጥ ገብቼ ስፈልግ ያ ገጽ የለም፤ ያለው የመጀመሪያው ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ኢ-1 ነው። የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይኼ ይሆን እንዴ?

ሰላም፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ አልተቆጣሁም። ግን አሁን ዝም ብል በኋላ ራሴን የምወቅስ ይመስለኛል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር። ቀኑ ከታረመ ባለፈው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቦርድ መግባት እችል ነበር ማለት ነው። ያኔ ገብቼ ቢሆን ዛሬ ሳርጀንት ነበርኩ። ይህንንስ መጠየቅ እችላለሁ?


ፎርቲ ቱ አልፋ፦

አዎ፣ ምንጩ እሱ ይመስለኛል። የጎደለው ገጽ ካልተጫነ ኤስ ዋን መዝገቡን ሲከፍት የሚያየው ኢ-1 የሚለውን ብቻ ነው፤ አንተ ኢ-4 ነኝ ስትል ከየት አመጣው ይላል። ስለዚህ 4187 ከማስገባትህ በፊት ያ ገጽ አይፐርምስ ላይ መጫኑን አረጋግጥ። ጫኑልኝ ብለህ ብቻ አትመለስ፤ በማግስቱ ራስህ ገብተህ እየው።

የሳርጀንቱን ጥያቄ በተመለከተ የምነግርህ አያስደስትህም። ሁለቱን አታቀላቅል። የስፔሻሊስትነት ቀንህ በወረቀት የተረጋገጠ ነው። ሳርጀንትነቱ ግን «ቢሆን ኖሮ» ነው። በዚያ ወር ቦርድ ትገባ ነበር፣ ታልፍ ነበር፣ ነጥብህም ለሙያህ በዚያ ወር ከወጣው የመቁረጫ ነጥብ (ለዕድገት የሚያበቃው ዝቅተኛ ነጥብ) በላይ ነበር ብለህ ሦስቱንም ማሳየት አለብህ። መቁረጫ ነጥቡ በየወሩ ስለሚወጣ የድሮውን ማየት ይቻላል። ግን ያልገባህበትን ቦርድ እንዳለፍህ ማን ይመሰክርልሃል? አንዱን ጠንካራ ጥያቄ ከደካማው ጋር አስረህ ብታቀርብ ጠንካራው ራሱ ይጎተታል። መጀመሪያ ቀኑ ይታረም። ያ ሲሆን ነጥብህንና የዚያን ጊዜ መቁረጫዎች ይዘህ ና፤ አብረን እናየዋለን።


ትዕግሥት ከሕግ ቢሮ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ በሠራዊቱ ውስጥ ፓራሊጋል ነኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በየቀኑ እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዙ ልጆች ወደ ቢሮአችን ይመጣሉ።

ስለ ፍርሃትህ ልናገር። በዚህ ፎረም ላይ ከእኛ ልጆች ደጋግሜ የምሰማው «ዜግነቴን ይነኩብኛል» የሚል ነው። አንተ ቃለ መሐላ ፈጽመህ ዜጋ ሆነሃል። የደሞዝ ደረጃህ ይታረም ማለትህ ከዜግነትህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ገና ዜግነቱን እየጠበቃችሁ ያላችሁም ስሙኝ፤ ዩኒታችሁ ኤን-426 በሚባለው የአገልግሎት ማረጋገጫ ቅጽ ላይ የሚያረጋግጠው በክብር ማገልገላችሁን ነው፤ የመዝገብ እርማት መጠየቅ ክብርን የሚነካ ነገር አይደለም።

ነጻ ጠበቃ አለ። ቤዝህ ላይ ሊጋል አሲስታንስ የሚባለው ቢሮ ቀጠሮ ይሰጥሃል፤ ማመልከቻህን አይተው ያስተካክሉልሃል፤ ሳንቲም አትከፍልም። አሜሪካን ሊጅንን የመሳሰሉ የወታደሮች ማኅበራትም ለመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ለሚያመለክቱ ሰዎች በነጻ ያግዛሉ። 3,460 ዶላር ለማስመለስ 3,000 ዶላር መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው!

ኤስ ዋን ካንቀላፋ ደግሞ ሁለት በር አለ። አንደኛው የወታደሮችን አቤቱታ የሚመረምረው ኢንስፔክተር ጄኔራል ነው። ሁለተኛው የምርጫ ወረዳህ የኮንግረስ አባል ቢሮ ነው። እዚያ ወታደሮችን የሚያስተናግድ ሰራተኛ አለ፤ መዝገብህን እንዲያዩ የምትፈቅድበትን ቅጽ ትፈርማለህ፤ እነሱ ወደ ሠራዊቱ ይጽፋሉ፤ ሠራዊቱ መልስ መስጠት አለበት። ለኮንግረስ ወይም ለኢንስፔክተር ጄኔራል በመናገርህ ማንም ሊበቀልህ አይችልም፤ በሕግ የተከለከለ ነው። ግን ምክሬ፣ በእነዚህ አትጀምር። ከኮማንደርህ ጀምር። ኦፕን ዶር ፖሊሲ አለው፤ በፈርስት ሳርጀንትህ በኩል አሳውቀህ ግባ። አብዛኛው ኮማንደር ወረቀቱን ሲያይ «ይኼን ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?» ነው የሚለው። ስንቱን ልጅ አይቻለሁ፤ ሦስት ዓመት የፈራው በር በአሥር ደቂቃ ሲከፈት።

ይሉኝታችን ጥሩ ነገራችን ነው። በዚህች ሀገር የቢሮ ሥራ ላይ ግን ዝም ያለ ሰው ችግር የለበትም ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ሌላ ትርጉም አይሰጡትም።


ሰላም ለሁሉ፦

ትዕግሥት፣ ፎርቲ ቱ አልፋ፣ እኔም ተማርኩ። የእኔ ጉዳይ ከ4 ዓመት በፊት ነው የተዘጋው። 3 ዓመቱ አልፎኛል ማለት ነው?


ዘ-አሌክሳንድሪያ፦

ሰላም፣ ተስፋ አትቁረጥ። ማመልከቻው ላይ ለምን እንደዘገየህ የምታስረዳበት ቦታ አለ። ማስረጃህ ጠንካራ ከሆነ ቦርዱ ብዙ ጊዜ ዋናውን ጉዳይ ሊያየው ይችላል። አንድ ጊዜ ተከልክለህ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ያላዩት አዲስ ማስረጃ ይዘህ እንደገና ይታይልኝ ማለት ትችላለህ። የራስህን ጥያቄ ለብቻ ክፈት፤ እዚያ ላይ በዝርዝር እናወራለን።


የእንሳሮ ልጅ፦

የመስቀል ማግስት ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት ኮማንደሬ ጋ ገባሁ። ከመግባቴ በፊት በር ላይ ቆሜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፎልደሬን ሰጠሁት። ትዕግሥት፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው የሆነው፤ ውሉን አየ፣ ኤልኢኤሱን አየ፣ ስልኩን አንስቶ ኤስ ዋንን ጠራ። የጎደለው ገጽ በዚያው ቀን ተጫነ፤ በማግስቱ ገብቼ አየሁት፤ አለ። 4187 ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፍኩ፤ «እርማት» የሚለውን ቃልም ተጠቀምኩ። መጀመሪያ የሞላልኝ ልጅ ዴት ኦፍ ራንኩን ብቻ ጽፎት ነበር፤ ኢፌክቲቭ ዴቱም ይጨመር አልኩት። ፎርቲ ቱ አልፋ ባይነግረኝ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት የማዕረግ ቀኔ ሲስተሙ ላይ ተቀየረ። ማርች 1፣ 2023 ይላል። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ደሞዙ ገና ነው፤ ፋይናንስ የራሱን ወረቀት ጠይቋል፤ እሱንም አስገብቻለሁ። በሚቀጥሉት ሁለት ኤልኢኤሶች ላይ ካልታየ ወደ ሊጋል አሲስታንስ እሄዳለሁ፤ ቀጠሮውን ከአሁኑ ይዣለሁ። የሜይ 2026ን ቀንም ካላንደሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ፈርስት ሳርጀንቴ ፊቱን አላዞረብኝም። እንዲያውም በሌላ ፕላቱን ያለች፣ እንደ እኔ በዲግሪ የገባች አንዲት የጋና ልጅ አለች፤ የእሷንም ውል አምጪ አላት።

ጋሼ፣ ስድስት ኮፒ አድርጌያለሁ። አንዱ እናቴ ጋ ነው።